«ዩኒቨርሲቲው እንቢ አለን»፦ ወሎ ውስጥ ስለ ከፍተኛ ትምህርት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይፋ በሆነ ሰሞን አንዲት እናት ከወረኢሉ ተነስተው፣ ልጃቸውን አስከትለው ትምህርት ቤታችን በር ላይ ጠበቁኝ። ጉሙ ገና አልተገለጠም። በሻርፓቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት ፈተው ዘረጉልኝ፤ ኢንተርኔት ቤት ያስወጡት የምደባ ገጽ ነው። ልጁ ጅግጅጋ ደርሶታል። «ወላሂ መምህር፣ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደጃችን እያለ ልጄን እንቢ አሉት። የምታውቀው ሰው ካለ ተናገርልን» አሉኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

«አብሽሩ እትዬ፣ እንቢ ያለ የለም» አልኳቸውና ቁጭ ብለን ተነጋገርን።

የእርሳቸው ጥያቄ የብዙ ወላጅ ጥያቄ ነው። የልጅ ስንፍና፣ ዕድል ወይም የአንድ ሹም ክፋት የሚመስለን ነገር፣ አብዛኛው አዲስ አበባ ላይ የተወሰነ ፖሊሲ ውጤት ነው። የትኛው ውሳኔ የማን እንደሆነ ያላወቀ ወላጅ አቤቱታውን ለማይመለከተው ሰው እያቀረበ ቀኑንና የመኪና ገንዘቡን ይጨርሳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጄን አልቀበልም አለ»

ወደ ታች ከማነሳው ከራስ ገዙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቀር፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ተማሪው የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ሚኒስቴሩ ደግሞ ውጤቱን፣ ምርጫውንና የየተቋሙን የመቀበል አቅም አመዛዝኖ ይደለድላል። ደሴ ያለው ሬጅስትራር የሚያውቀው የተላከለትን የስም ዝርዝር ነው። ጥሩ ዘመድ ቢኖርዎትም ዘመድዎ ዝርዝሩን አይጽፈውም። ከባድ የጤና ችግር ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ልዩ አስተያየት ይደረግለታል፤ እሱም ቢሆን ከሆስፒታል በተሰጠ ማስረጃ፣ ሚኒስቴሩ በሚያወጣው ቀነ ገደብ ውስጥ የሚጠየቅ ነገር ነው። ቀኑ ካለፈ የሚሰማ የለም።

ከዚህ ሥር ሌላ ስህተት አለ፤ ዩኒቨርሲቲውን የአካባቢው ንብረት አድርጎ ማየት። ወሎ ውስጥ ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ሆኖ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ነው። ሦስቱም የፌዴራል መንግሥት ተቋማት ናቸው። በጀታቸው ከፌዴራል ይመጣል፣ ተማሪያቸውም ከየአገሩ ይመጣል። የኛ ልጅ ጅግጅጋ ሲሄድ የጅግጅጋው ልጅ ደሴ መጥቶ ብርዱን ይለምዳል።

እነዚህ ተቋማት እንዴት እንደመጡ ማየትም ይጠቅማል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። ከዚያ መንግሥት የማስፋፋት ፖሊሲ አወጣና በዙር በዙር ተከፈቱ። «ሁለተኛ ትውልድ» ከተባሉት 13 አንዱ ወሎ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመረ። ወልዲያ በ2004 ዓ.ም. በሦስተኛው ዙር፣ መቅደላ አምባ በአራተኛው መጣ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ጠይቀዋል፣ ገበሬውም መሬት ለቋል፤ ያ ውለታ መረሳት የለበትም። የተከፈቱበት ጊዜና ስፋት ግን የአገር ዕቅድ ነው።

በክልሉ ሥር ያሉት ሌሎች ናቸው፤ ደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ ደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ። የነሱ ጉዳይ የሚጠየቀው ከክልሉ ቢሮዎች ነው። ስኂን ራሷ የፖሊሲን ጉልበት የምታሳይ ናት። አባቶቻችን የተማሩባት ስመ ጥር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረች። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ይስፋፋ ሲባል ኮሌጅ ሆነች። ግንቡ ያው ግንብ ነው፤ የሚገባበት ልጅና ይዞት የሚወጣው ወረቀት ግን ሌላ ሆነ።

«የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ ነው»

ወሎ ተማሪ ማብላት ያውቅበታል። ለእስልምና ትምህርት ወደ ዳና የወረደውን ደረሳ፣ ዋድላ ቅኔ ቤት የገባውን ቆሎ ተማሪ የሰፈሩ ሰው ነው ያለውን አካፍሎ ያስተማረው። ከዚህ ባህል የወጣ ሰው የግቢውን ምግብና አልጋ ሲያይ እንደዚያው ያለ ስጦታ ቢመስለው አይፈረድበትም። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተ ጀምሮ ለ50 ዓመት ያህልም በእርግጥ ነፃ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ግን የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ወጣ። ልጆቹ «ኮስት ሼሪንግ» የሚሉት ነው። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይሸፍናል። ገንዘቡን አሁን አይጠየቅም። በየዓመቱ ሲመዘገብ ውል ይፈርማል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። ዕዳ ነው ማለት ነው። የዘገየ ዕዳ ስለሆነ ግን አይታይም።

እናትየውን ያስደነገጠቻቸው ይቺ ናት። «ልጄ ምን ፈርሞ ነው የሚገባው?» አሉኝ።

ሒሳቡን በወረቀቱ ጀርባ ሠራሁላቸው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚያዘው በጀት ለረጅም ጊዜ 15 ብር ነበር። ከዚያ 22 ብር ሆነ። በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ደረሰ። በ22 ብር ሦስት ጊዜ ማብላት ምን ማለት እንደሆነ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የገዛ ሰው ያውቀዋል፤ የግቢ ልጆች ስለ ወጡ ቅጥነት የሚያወሩት ቀልድ ሁሉ የመጣው ከዚያች በጀት እንጂ ከወጥ ቤት ሠራተኞቹ እጅ አይደለም። ጭማሪው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ምግቡን ተማሪው ይሸፍናል የሚለው ደንብ ባለበት፣ በቀን 100 ብር ማለት በወር 3,000 ነው፤ በዓመት 10 ወር ግቢ ቢቀመጥ 30,000፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር። የምግቡ ብቻ። «ነን ካፌ» ሆኖ፣ ማለትም የግቢውን ምግብ ትቶ፣ ገንዘቡን በእጁ የሚወስድ ልጅም የሚወስደው የራሱን ዕዳ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚወስድ ስንት አለ!

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ ልጃችሁ የሚፈርመውን ውል ኮፒ ይያዝ። የተመረቀ ዕለት አይደለም የሚፈለገው፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ ዩኒቨርሲቲው ለቀጣሪ የሚልከው የውጤት ማስረጃ፣ ሲጠየቅ ነው ጉዱ የሚወጣው። እኔ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ከተመረቀ ከዓመታት በኋላ የተሻለ ሥራ አግኝቶ፣ ማስረጃው እንዲላክለት ሲጠይቅ ዕዳው ተቆልሎ ጠበቀው። ሥራው አመለጠው።

«ልጆቹ ሰንፈው ነው እንጂ ፈተናው ያው ፈተና ነው»

ይህንን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

ድሮ በ12ኛ ክፍል ፈተና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ መቁረጫ ነጥብ በየዓመቱ ነበር የሚወሰነው። ሚኒስቴሩ በዩኒቨርሲቲዎች ስንት ቦታ እንዳለ ያያል፣ ቦታው እስኪሞላ ከላይ ወደ ታች ይቆጥራል፣ የቆመበት ነጥብ መቁረጫ ይሆናል። ስለዚህ ነጥቡ የሚነግረን የቦታውን ብዛት እንጂ የልጁን ዕውቀት አልነበረም። ኩረጃው ደግሞ ይታወቃል፤ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ሾልኮ ወጥቶ እስከመሰረዝ ደርሷል።

የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ላይ ሁለት ነገር በአንዴ ተለወጠ። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ተደረገ፤ የማለፊያው ነጥብም 50 በመቶ ሆኖ ተቸነከረ። ያኔ ተማሪዎቼን ሸኝቻለሁ። ብርድ ልብስ በፌስታል ጠቅልለው፣ ዳቦ ቆሎ ይዘው፣ አንዳንዶቹ ከቤት ውጭ አድረው የማያውቁ ልጆች ናቸው። ከአገሩ ተፈታኝ ሁሉ ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። በ2015ቱ ፈተና ብቻ አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ናቸው። በአንድ ክረምት የአገሩ ልጅ ሁሉ ሰነፈ ልንል ነው? ሳይማሩ ሲያልፉ የኖሩ ልጆችን ደብቆ የኖረ ሥርዓት ነው የተገለጠው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፍ ለአራት ሲያነቡ፣ የፊዚክስ መምህር ሳያገኙ ሴሚስተር ሲያልፍ የመጡ ልጆች ናቸው።

የወሎው ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ አለ። በ2013 ክረምት ወልዲያ፣ በ2014 ጥቅምት ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ገባ። ትምህርት ቤቶች ፈራርሰዋል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ወልዲያ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፈዋል። ላብራቶሪው፣ ኮምፒውተሩ፣ ፍራሹ ሳይቀር ሄዷል። በጦርነቱ የተነሳ ከሌላው አገር ተማሪ ጋር አብረው መፈተን ያልቻሉ ልጆቻችን ለብቻቸው በሁለተኛ ዙር ነው የተፈተኑት። ይህ ሁሉ ሆኖ የ50 በመቶው መለኪያ ለሁሉም አንድ ነው። ኩረጃ መቆሙን ሙሉ ልቤን ሰጥቼ እደግፋለሁ። ግን ፈተናውን አጥብቆ ትምህርት ቤቱን ያልጠገነ ፖሊሲ ግማሽ ሥራ ነው፤ ግማሹን ደግሞ ልጁ ላይ መጫን ግፍ ነው።

«ሬሜዲያል የገባ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ» የሚሉም አሉ። አልገባም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶ ካላመጡት መካከል የተሻሉት ተመርጠው ማካካሻ ትምህርት (ሬሜዲያል) እንዲወስዱ ተፈቀደ። ግቢ ውስጥ ይማራል፣ ካርድ ይይዛል፣ ፍሬሽማን፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ የሚሆነው ግን የማካካሻውን ፈተና ሲያልፍ ነው። ድግስ የደገሱ ቤተሰቦች አውቃለሁ፤ ልጁ ካላለፈ በኋላ ወደ ሰፈሩ ለመመለስ አፍሮ ኮምቦልቻ የቀን ሥራ ገብቶ የቀረም አውቃለሁ። መጀመሪያውኑ በትክክል ቢነገራቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ኀፍረት ባልመጣ።

«ኢንጂነሪንግ የደረሰው ጎበዝ ስለሆነ ነው»

ጎበዝም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ለዓመታት የሠራ የ70 ለ30 ፖሊሲ ነበር፤ ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚል። ታሪክ የሚወድ ልጅ ቦታ ስለጠበበ ሳይፈልግ ተፈጥሮ ሳይንስ መረጠ፤ የምህንድስና ክፍሎች ከመምህሩና ከላብራቶሪው በላይ ሞሉ። ሐሳቡ ፋብሪካ ይከፈታል፣ ባለሙያ ያስፈልጋል የሚል ነበር፤ ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ስለሆነች ኢንስቲትዩቱ እዚያ መሆኑም ያምራል። ተመራቂው ግን ከፋብሪካው ቀድሞ ደረሰ። ዛሬ ኮምቦልቻ ባጃጅ የሚነዳ ኢንጂነር ስናይ «የተማረ ምን አገኘ» ከማለታችን በፊት ይህችን ቁጥር እናስታውስ።

«የመውጫ ፈተና የመጣው የግል ኮሌጆችን ለመጣል ነው»

ከመመረቁ በፊት ሁሉም ነው የሚፈተነው፤ የመንግሥቱም የግሉም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ማለፊያው 50 በመቶ ነበር፤ ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ያህል ናቸው። ልዩነቱ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ከመንግሥት ግቢም ከሦስት ተማሪ ከአንድ በላይ ወድቋል። ወላጅ እዚህ ላይ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። ደሴ ፒያሳ ላይ ፎቅ ተከራይቶ ማስታወቂያ የሰቀለ ኮሌጅ ሁሉ ለሁሉም የትምህርት መስክ ፈቃድ አለው ማለት አይደለምና፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ልጃችሁ ለሚማረው መስክ፣ በዚሁ ደሴ ባለው ቅርንጫፍ፣ ዕውቅና መኖሩን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። ዕውቅና የሚሰጠው ለመስኩና ለቦታው ነው።

«ራስ ገዝ ማለት ለባለሀብት መሸጥ ነው»

አይደለም። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲውን የሕዝብ አድርጎ ያቆየዋል፤ የሚለወጠው ማን እንደሚወስን ነው። ተማሪ መምረጥ፣ መምህር መቅጠር፣ ክፍያ መተመን፣ ገንዘቡን ማስተዳደር ወደ ራሱ ይመጣል። የመጀመሪያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አሁን የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችንም ይቀበላል። ሌሎችም ተራ በተራ እንዲከተሉ ታስቧል።

እናትየው ይህንን ስነግራቸው ወረቀቱን መልሰው እየቋጠሩ ነበር። «እና ያኔ የደሴው ራሱን ከቻለ፣ ለታናሹ ወንድሙ የሚናገሩት እዚሁ ነው ማለት ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ያኔ የሚጠየቀው እዚሁ ነው። ለዚህ ነው ከአሁኑ የዩኒቨርሲቲውን ቦርድ መጠየቅ ያለብን፤ ክፍያ ሲተመን፣ ከወረኢሉ የሚመጣ መክፈል የማይችል ልጅ በየትኛው በር ይገባል ብለን።