ስለ ናጋው ከንቲባ ጄሲ ሮብሬዶ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ጄሲ ሮብሬዶ የፊሊፒንስ ፖለቲከኛ ነበር። ከማኒላ ራቅ ብሎ በሚገኘው የቢኮል ክልል፣ ካማሪነስ ሱር በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለችውን የናጋ ከተማን በድምሩ ለ19 ዓመት በከንቲባነት መርቷል። በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙዎች “የእስያ ኖቤል” የሚሉትን የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት አገኘ። በ2012 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ስለ ደግነቱ ብዙ ይወራል። እኔን የሚቆጨኝ፣ በወሬው መሃል ትልቁ ሥራው እየተዘነጋ መሆኑ ነው።

“ማንም ሳይደግፈው ከምንም ተነስቶ ነው የተመረጠው”

ይሄ እውነት አይደለም። ሮብሬዶ ማኒላ ውስጥ ምህንድስና ተምሮ፣ ሳን ሚጌል በሚባለው ግዙፍ ኩባንያ ሲሠራ ቆይቶ ነው ወደ ትውልድ ከተማው የተመለሰው። በ1988 ለከንቲባነት ሲወዳደር 29 ዓመቱ ነበር። ከጀርባው የካማሪነስ ሱር ኃያል ፖለቲከኛ የሆነው የሥጋ ዘመዱ ሉዊስ ቪያፉዌርቴ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ያሸነፈው በጠባብ ልዩነት ነው።

እኔ ይሄን መደበቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ተለያዩ፣ ለዓመታትም ተቀናቃኝ ሆነው ኖሩ። በዘመድ ትከሻ ወጥቶ ለዘመድ አለመታዘዝ በፊሊፒንስ ክፍለ ሀገር ፖለቲካ ቀላል ነገር አይደለም። እዚያ ቤተሰብ ማለት ፓርቲ ማለት ነው።

“የተወደደው በነጠላ ጫማው ነው”

ነጠላ ጫማ አድርጎ ሰፈር ለሰፈር ይዞር እንደነበር እውነት ነው። ከጎርፍ በኋላ አካፋ ይዞ ከሰዉ ጋር ጭቃ ይጠርግ ነበር። ፎቶዎቹ ዛሬም ይዞራሉ። ግን ናጋን የቀየራት ነጠላ ጫማው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እሱ ሲሄድ ሁሉም ነገር አብሮት ይሄድ ነበር።

ሲረከባት ናጋ የደከመች ከተማ ነበረች። ካዝናዋ ባዶ ነው፣ መሃል ከተማው በትራፊክ ታንቋል፣ ሕገወጥ ቁማርና ሴተኛ አዳሪነት የሚያንቀሳቅሱ ቡድኖች እንዳሻቸው ይሆኑባታል። ከተሞች በገቢያቸው በሚመደቡበት ደረጃም ወደ ሦስተኛ ወርዳ ነበር። እሱ ቡድኖቹን አባረረ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያውን ከመሃል ከተማ አወጣ፣ ነጋዴውን አሳመነ። በ1990 ናጋ እንደገና አንደኛ ደረጃ ከተማ ሆነች።

ከሁሉ በላይ የምደነቅበት ግን የራሱን እጅ ያሰረበት መንገድ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ የሚመደበው በማን ዘመድነት ሳይሆን በፈተናና በችሎታ ሆነ። ቆየት ብሎም ከተማዋ እያንዳንዱ አገልግሎት ስንት ደረጃ እንዳለው፣ ስንት ደቂቃ ወይም ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ የሚናገር መመሪያ አሳትማ ለነዋሪው አደለች። ለጉዳይ ሄዶ “ነገ ና” የተባለ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ነዋሪው ባለሥልጣን አይለማመጥም። ወረቀቱን አውጥቶ “እዚህ ላይ እንዲህ ይላል” ማለት ይችላል።

በ1995 ደግሞ የናጋ የሕዝብ ምክር ቤት በከተማው ደንብ እውቅና አገኘ። የገበሬ፣ የሴቶች፣ የከተማ ድሆችና ሌሎች ማኅበራት ተሰባስበው ወኪሎቻቸውን ይልካሉ። ወኪሎቹ በከተማው ምክር ቤት ኮሚቴዎች ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ድምፅም ይሰጣሉ። በሕዝብ የሚወደድ ከንቲባ እንዲህ ዓይነት ተቆጣጣሪ በራሱ ላይ የሚያስቀምጥበት ምንም ግዴታ አልነበረበትም።

“19 ዓመት ሙሉ ወንበሩን አልለቀቀም”

ለቋል። በፊሊፒንስ ሕገ መንግሥት አንድ ከንቲባ በተከታታይ ከሦስት የሥልጣን ዘመን በላይ መቆየት አይችልም። በ1998 ጊዜው ሲያልቅ ወረደ። ብዙዎች እንዲህ ሲሆን ሚስታቸውን ወይም ልጃቸውን አስመርጠው ወንበሩን ያስጠብቃሉ። እሱ ያንን አላደረገም። አሜሪካ ሄዶ ሃርቫርድ የሕዝብ አስተዳደር ተማረ። በ2001 ተወዳድሮ ተመለሰ፣ እስከ 2010ም አገለገለ።

“ቻይናዊ እንጂ ፊሊፒናዊ አይደለም”

አያቱ ከቻይና የመጡ ናቸው። ተቀናቃኞቹ ይህን ይዘው ዜግነቱን ደጋግመው በክስ ተገዳደሩ። ክሱ ከወንበሩ አላወረደውም። የተወለደው እዚያው ናጋ ነው።

“ሚኒስትር ሲሆን ሁሉም እጁን ዘርግቶ ተቀበለው”

በ2010 ፕሬዚዳንት ቤኒግኖ አኪኖ ሦስተኛ የአገር ውስጥና የአካባቢ አስተዳደር ሚኒስትር አድርጎ ሾመው። እሱም የአካባቢ መስተዳድሮች በጀታቸውንና ወጪያቸውን ለሕዝብ እንዲለጥፉ አዘዘ። ሹመቱን ማጽደቅ ያለበት የሕግ አውጪዎች ኮሚሽን ግን እስከሞተበት ቀን ድረስ አላጸደቀለትም።

“አደጋው ሴራ ነው”

ኦገስት 18 ቀን 2012 በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከሴቡ ወደ ናጋ እየተመለሰ ነበር። በመንገድ ላይ ሞተሩ ችግር ገጠመው። ማስባቴ በምትባል ደሴት ላይ ለማረፍ ሲሞከር አውሮፕላኗ ማረፊያው አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቀች። አስከሬኑ የተገኘው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የሚታወቀው ይሄ ነው፤ ሰው ሲወደድ ሞቱን እንዲሁ መቀበል ይከብዳል።

“ሚስቱን ለሥልጣን ያዘጋጃት እሱ ነው”

ባለቤቱ ሌኒ ሮብሬዶ እሱ በሕይወት እያለ ለምርጫ ቀርባ አታውቅም። ለድሆች የምትሟገት ጠበቃ ነበረች። በ2013 ለኮንግረስ ስትወዳደር ያሸነፈቻት የዚያው የሉዊስ ቪያፉዌርቴን ባለቤት ነው። በ2016 የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነች። በ2022 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድራ ተሸነፈች። በ2025 ደግሞ ናጋ ከንቲባ አድርጋ መርጣታለች። ስሙ አልረዳትም ማለት አይቻልም። እሱ ግን ወንበር አላወረሳትም። እያንዳንዱን ምርጫ የተወዳደረችው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።