በሐና ስም ሰይመን ሐናን አናስለቅስ

የተወደዳችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ሐና የሚለው ስም መቼም አያረጅም። አጭር ነው፤ ለሕፃንም ለአያትም ያምራል። ሐና፣ አና፣ አን እየተባለ በብዙ ቋንቋ ይጠራል። እኛ አማኞች ደግሞ የሳሙኤልን እናት፣ የእመቤታችንንም እናት እያሰብን ለልጆቻችን እናወጣዋለን። ደግ እናደርጋለን።

የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የምናደርገው ነው። ልጅ ያልወለደች እህት እንኳን ማርያም ማረችሽ ልትል ትመጣለች። ሕፃኗን ታቅፋለች። ይሄኔ አንዱ በሰው ፊት «አንቺስ መቼ ነው?» ይላታል። ፈገግ ትላለች፤ ሕፃኗን ለእናቷ መልሳ ነጠላዋን ታነሳለች። ምነው? ምን በደለችን?

እስኪ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1ን ረጋ ብለን እናንብበው። ልጆች ያሏት ጣውንቷ ፍናና ልጅ ያልነበራትን ሐናን የምታስቆጣት መቼ ነበር? በየዓመቱ ወደ እግዚአብሔር ቤት ሲወጡ! ሐና ታለቅሳለች፤ እህል አትቀምስም። ባሏ ሕልቃና ይወዳታል፤ ግን «እኔስ ከአሥር ልጆች አልሻልልሽምን?» ከማለት በቀር የሚያጽናናበት ቃል አጣ። ካህኑ ዔሊም ድምፅዋ ሳይሰማ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ የሰከረች መሰለችው። እሷ ግን «በእግዚአብሔር ፊት ነፍሴን አፈሰስሁ» አለችው። ዔሊ ነገሩ ሲገባው መርቆ በደኅና ሸኛት። እኛ ልጅ ያልወለዱ እህቶቻችንን ይህን እንኳ ነፈግናቸው።

እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ቁጥር 18ን ደጋግመሽ አንብቢው። ሐና ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ ሐዘንተኛ አልመሰለም። ገና አልፀነሰችም እኮ! ሰላሟ ከሳሙኤል ቀድሞ መጣ። ሌላዋን ሐናንም አስቢያት፤ በሉቃስ ምዕራፍ 2 ያለችውን የፋኑኤልን ልጅ። ከባሏ ጋር 7 ዓመት ኖራ መበለት ሆነች። ወንጌል ልጅ ነበራት ወይም አልነበራትም አይልም፤ ጉዳዩም አይደለም። ጌታ በሕፃንነቱ ወደ መቅደስ ሲገባ እዚያ ነበረች። አመሰገነች፤ ስለ እርሱም ተናገረች። እግዚአብሔር ዘንድ የምትታወቂው በማኅፀንሽ ብቻ አይደለም።

ያንን «አንቺስ መቼ ነው?» የሚል ቃል የተናገርን ደግሞ ሄደን ይቅርታ እንጠይቃት። «ለጨዋታ ነው» ብለን አናድበስብሰው። ምን ብለን እንድንጸልይላት እንደምትፈልግ እንጠይቃት፤ ማውራት ካልፈለገችም አናስጨንቃት።