«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር»

«ምን አላት፣ እኔም እሠራታለሁ!» ያለ ሰው መልሱ ይቺ ተረት ናት። ሹመቱም ንግዱም ልጅ ማሳደጉም ከዳር ሆነው ሲያዩት ቀላል ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ብዙ አያከራክርም።

የሚደንቀኝ የምሳሌው ልክነት ነው። ከበሮ ከግንድ ተፈልፍሎ ቆዳ የተወጠረበት፣ ባለ ሁለት አፍ ነው። ሰፊው አፍ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ጠባቡ ቀጭን። ማንገቻውን አንገትህ ላይ ስታጠልቅ እጆችህ ለየቅል ሥራ ይጠብቃቸዋል። አንዱ ሌላውን ልከተል ካለ አለቀልህ! ያ ሳያንስ አውጪዋን መስማት፣ ከተቀባዮቹ ጭብጨባ ጋር መግጠም፣ ዓይንህንም ከጨፋሪው ትከሻ አለመንቀል አለ። ምቱን ከሳትክ ትከሻው ይሰናከላል፣ ቤቱ ሁሉ ዞሮ ያይሃል።

ቤተ ክርስቲያንም ሄደህ አይቀልልህም። በማኅሌት ከበሮው ከጽናጽልና ከመቋሚያ ጋር ነው የሚሄደው። ጠፍሩ የጌታ ግርፋት ምሳሌ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። አመታቱና ሽብሸባው በአቋቋም ቤት ከመምህር ሥር ሆነው የሚማሩት ነው።

ታዲያ ተረቱን «አርፈህ ተቀመጥ» ለማለት ስንጠቀምበት አይዋጥልኝም። ሰርግ ቤት ከበሮው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሳይደናገር የለመደ መቺ የለም። ዛሬ ዛሬ ግን ግማሹ ታዳሚ ስልኩን ቀጥ አድርጎ መቅረጽ ሆኗል ሥራው። እስክስታ በቪዲዮ ምን ያደርግልሃል? ደረትህን ነፍተህ፣ ትንፋሽህን «እስክስ!» ብለህ ስታወጣው፣ ዙሪያህን ሲጨበጨብልህ ነው ሸክምህ የሚቀልልህ። የትግራዩ ከበሮውን መሃል አድርጎ ይዞራል፣ ጉራጌው እግሩን ያፈጥናል፣ ወላይታው ወገቡን። ከየት እንደመጣህ ከአፍህ በፊት ገላህ ይናገራል።

ከአገር የራቀ ሰው ይህ ይበልጥ ይገባዋል። ቤተ እስራኤላውያን በብዛት እስራኤል ከገቡ በኋላ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የዳንስ ባለሙያዋ ሩት ኤሼል በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከማኅበረሰቡ ተማሪዎች ጋር አንድ ቡድን አቋቋሙ። ስሙም «እስክስታ» ተባለ። በቤተሰብ ድግስ ላይ የሚመታው ትከሻ በአዲሱ አገር መድረክ ላይ ወጣ።