ፋይሉ ለምን ተቆለፈብኝ?
ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ የአስትሮኖሚ ልጆች፣ ይቺ ጥያቄ ደጋግማ እየመጣች ነው፤ እስቲ ረጋ ብለን እንያት። ቪኤልኤ የተባለውን የአሜሪካ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የዳታ ማህደር ትከፍታላችሁ፣ የፈለጋችሁት ምልከታ ይታያል፣ ፋይሉ ግን አይወርድም። ኢንተርኔታችሁ አይደለም። ከኢትዮጵያ ስለገባችሁም አይደለም። የባለመብትነት ጊዜው፣ ማለትም ምልከታውን ያስደረገው ተመራማሪ ዳታውን ለብቻው የሚይዝበት ጊዜ፣ ስላላለቀ ነው።

ማሳ አስቡ። ባለማሳው አጭዶና ከምሮ እስኪያነሳ ማንም አይገባም፤ ካነሳ በኋላ ቃርሚያው ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ነው። እዚህም እንደዛው፤ ተወዳድሮ የቴሌስኮፕ ሰዓት ያገኘው ተመራማሪ ብዙ ለፍቶ ነው ማመልከቻውን የጻፈው፣ ስለዚህ ቅድሚያ ይሰጠዋል። እንዲያውም ከቃርሚያ ይሻላል፣ የሚደርሳችሁ ትራፊ ሳይሆን ሙሉው ዳታ ነው።

እርግጠኛው ነገር፣ በቪኤልኤም ሆነ ቺሊ ባለው አልማ በተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የተለመደው 12 ወር ነው። ከዚያ በነጻ ይከፈታል። የሚለያየው ደግሞ እንደ ፕሮጀክቱ ነው፤ ለምሳሌ ቪኤልኤ የሚሠራው ቪላስ የተባለው የሰማይ ቅኝት ጥሬ ዳታው ከመጀመሪያውም ክፍት ነው። መቁጠሪያው የሚጀምርበት ቀንም እንደየተቋሙ ነው፣ ስለዚህ ከምልከታው ቀን ተነስታችሁ በጣት አትቁጠሩ። አልማ ላይ የሚከፈትበት ቀን አብሮ ተጽፏል፣ እሱን እዩ። ግራ ከገባችሁ ለተጠቃሚ ድጋፍ ክፍላቸው ጻፉ። አትፈሩ፣ ሥራቸው እኮ ነው።