ወጣቱ ውሻ ለምን ያነክሳል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ከመንገድ ተነሥቶ ወይም ከሰው እጅ ተወስዶ ወደ ቤት የገባ፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ውሻ ድንገት ማንከስ ሲጀምር ምክሩ ከየአቅጣጫው ይመጣል። አንዱ «ወለምታ ነው» ይላል፣ ሌላው «ካልሲየም ጎድሎት ነው»፣ ሦስተኛው «ተወው፣ ይለቀዋል»። የውሻው የኋላ ታሪክ ስለማይታወቅ የማንከሱም ምክንያት የማይታወቅ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ያልተገኘው በቅደም ተከተል ስላልተፈለገ ነው። ፍለጋው ከመዳፍ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። መድኃኒት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ካልጮኸ አላመመውም»

ውሻ ሕመሙን ይደብቃል። የቆየ ሕመም ያለበት ውሻ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ ክብደቱን ወደ ሌላው እግር ያዛውራል፣ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይልሳል፣ ደረጃ ፊት ቆሞ ያመነታል። የትኛው እግር እንደሆነ ለመለየት ማሰሪያውን ላላ አድርጋችሁ ደልዳላ መንገድ ላይ በሶምሶማ አስኪዱት። ሌላ ሰው ከፊት፣ ከኋላና ከጎን በስልክ ይቅረጸው፤ ቪዲዮውን በዝግታ አይታችሁ መርምሩ። የፊት እግር ከሆነ፣ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ይላል። የኋላ እግር ከሆነ በታመመው በኩል ዳሌው ከፍ ይላል። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ስለሚረዳው ለሳምንታት ጤነኛውን እግር ሲያክም ይከርማል። ቪዲዮውን አትደምስሱት፤ ክሊኒክ ሲደርስ ከድንጋጤው የተነሣ ሳያነክስ የሚሄድ ውሻ ብዙ ስለሆነ ሐኪሙ ይፈልገዋል።

«መዳፉን አይቼዋለሁ፣ ምንም የለበትም»

ቆሞ ማየት ምርመራ አይደለም። በተለይ በሐይቁ ዳርቻ የሚውል ውሻ መዳፉ በደንብ መፈተሽ አለበት፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባውም ይኸው ነው።

ጨዋ ውሻም ሲያመው ይነክሳልና መጀመሪያ አፉን እሰሩ። 1 ሜትር የሚያህል ፋሻ አፍንጫው ላይ አንድ ዙር አጥብቁ፣ ከአገጩ ሥር አቋርጡት፣ ከጆሮዎቹ ኋላ ቋጥሩት። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ስለሆነ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አታቆዩት። ቀጥሎ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ እግሩ 10 ደቂቃ ይነከር። ጭቃው ይለቃል፣ ቆዳው ይለሰልሳል፣ የተደበቀው ይወጣል። አድርቁትና በስልክ መብራት እያንዳንዱን ጣት ለይታችሁ እዩ፤ መጀመሪያ ጤነኛውን እግር፣ ከዚያ የታመመውን።

የምትፈልጉት ኩርንችት፣ የግራር እሾህ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ከሥሩ የተሰነጠቀ ጥፍር ነው። ነጭ ክብ እብጠት ሆኖ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለው ሙጀሌ ነው፤ በእሳት ወይም በአልኮል በጸዳ መርፌ ሳይፈነዳ ሙሉውን ማውጣት ያስፈልጋል፣ ግማሹ ከቀረ ያመረቅዛል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ደግሞ አስፋልት መዳፍ ያቃጥላል። የእጃችሁን ጀርባ 7 ሰከንድ አስፋልቱ ላይ ማቆየት ካልቻላችሁ ለውሻውም አይሆንም።

ዓሣ አጥማጆች በሚሠሩበት ዳርቻ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንዱ መንጠቆ ነው። ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረ እሾህ ስላለው በመጣበት መንገድ መጎተት ሥጋ ይቀዳል። ጫፉ በቆዳው በኩል እስኪወጣ ወደፊት ይገፋል፣ እሾኩ በጉጠት ይቆረጣል፣ ቀሪው ወደ ኋላ ይሳባል። መገጣጠሚያ አጠገብ ከገባ ግን ሐኪም ያውጣው። ሁለተኛው የናይለን መረብ ክር ነው። እግሩ ላይ ተጠምጥሞ በፀጉር ይሸፈናል፤ ከክሩ በታች ያለው እግር ያብጣል፣ ይቀዘቅዛል። እብጠቱ እንደ ቀለበት በአንድ መስመር ላይ የሚጀምር ከሆነ ፀጉሩን ከፍላችሁ ክሩን ፈልጉ።

«ወለምታ ነው፣ ወጌሻ ይሽው»

አይታሽ። የተሰነጠቀ አጥንት ሲታሽ ሊለያይ፣ የተጎዳ ጅማት ሊበጠስ ይችላል። ባጃጅ ገጭቶት ማንም ሳያይ የሄደ ወጣት ውሻ እኛ ከተማ ብርቅ አይደለም። እግሩን ጨርሶ የማያስረግጥ፣ ቅርጹ የተጣመመ ወይም ሲነካ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂድ።

«ለሰው የሚሆን ማስታገሻ በትንሹ ቢሰጠው ምን አለበት?»

አይቡፕሮፌንና ዲክሎፍናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። የውሻ ሰውነት እንደ ሰው አያስወግዳቸውምና ለእኛ ትንሽ የሆነው ለእሱ መርዝ ነው። ፓራሲታሞልም መጠኑ ሲያልፍ ጉበት ያጠፋል። ለውሻ ከሚታዘዙት አንዱ ሜሎክሲካም ሲሆን መጠኑ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም፣ ከዚያ በቀን 0.1 ሚሊግራም ነው። ለ15 ኪሎ ውሻ የዕለቱ መጠን 1.5 ሚሊግራም ማለት ነው፤ ከፋርማሲ የሚገዛው የሰው እንክብል ደግሞ 7.5 ወይም 15 ሚሊግራም ነው። አንዷ ትንሿ እንክብል አምስት እጥፍ ናት! ስለዚህ በግምት አይሰጥም፣ ሐኪም ያዝዘዋል።

ውሻው በቅርቡ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ወስዶ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይነገር አይታለፍ። እነዚህ ከላይ ከተጠቀሱት ማስታገሻዎች ጋር ሲደረቡ አንጀት እስከ መብሳት ይደርሳሉ። ጥቁር ዓይነ ምድር፣ ትውከት ወይም ምግብ መተው ከታየ ማስታገሻው ወዲያው ይቁም።

«ትናንት ግራ፣ ዛሬ ቀኝ፤ እያስመሰለ ነው»

ውሻ እንዲህ አድርጎ አያስመስልም። ከእግር እግር የሚዘዋወር ማንከስ ራሱ ምልክት ነው፤ በወጣት ውሻ ላይ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ቀድሞ ያሳስባል።

አንደኛው መዥገር የሚያስተላልፈው ኤርሊኪያ የሚባል በሽታ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ስለሆነች መዥገር ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ውሻው ይተክዛል፣ ይከሳል፣ ንፍፊቱ ያብጣል፣ መገጣጠሚያው ይታመማል፤ አንዳንዴ ይነስረዋል ወይም ድዱ ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣብ ይወጣል። ሙቀቱን በፊንጢጣ ለኩ። በዕረፍት ላይ ያለ ውሻ ከ39.2 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ 39.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ምርመራ ይጠየቅ። ሕክምናው ዶክሲሳይክሊን በቀን በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ ለ28 ቀን ነው፤ ለ20 ኪሎ ውሻ ባለ100 ሚሊግራም ሁለት እንክብል። ጉሮሮ እንዳያቆስል ከምግብ ጋር ይሰጥ፣ ውኃ ይከተለው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ውሻው በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ሲሮጥ ባለቤቱ መድኃኒቱን ያቋርጣል፣ በሽታውም ተደብቆ ይቆያል። መዥገሩን ላምባ አትቀቡት፣ በእሳትም አትንኩት፤ በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። በጣቶቹ መሐልና በጆሮው ውስጥም ፈልጉ።

ሁለተኛው በእድገት ላይ ያለ አጥንት መቆጣት ነው፤ ሐኪሞች ፓኖስቲአይተስ ይሉታል። ከ5 እስከ 18 ወር ባሉ ትልልቅ ውሾች፣ በተለይ በጀርመን ሼፐርድና በወንዶቹ ላይ ይበዛል። የረጅሙን አጥንት መሐል በጣት ስትጫኑ ይሸሻል። አንዱ ዙር ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ወደ ሌላ እግር ይዞራል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። «ዕድገት ነው» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው እዚህ ጋ ብቻ ነው፤ ያውም ትኩሳቱ ተለክቶ፣ መዥገሩ ተፈልጎ፣ መዳፉ ከታየ በኋላ።

«ካልሲየም ያንሰዋልና ይጨመርለት»

ሳንባና ጭቅና ብቻ የሚበላ ቡችላ በእርግጥ ካልሲየም ይጎድለዋል። ሥጋ ፎስፈረስ በብዛት፣ ካልሲየም እጅግ በጥቂቱ ስላለው ሰውነቱ ከገዛ አጥንቱ ይበደራል፣ አጥንቱም በዝላይ እንኳ ይሰበራል። ለዚህ ግማሽ ኪሎ አጥንት የሌለው ሥጋ ላይ በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የተመጣጠነ የውሻ ምግብ ለሚበላ ትልቅ ዝርያ ቡችላ መጨመር ግን ጉዳት ነው። ትርፍ ካልሲየም የአጥንቱንና የመገጣጠሚያውን አስተዳደግ ያበላሻል። የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

«ራጁ ንጹሕ ነው፣ እንግዲህ ጤነኛ ነው»

ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን በደንብ አያሳይም። የጉልበቱ ጅማት የተጎዳ ውሻ ሲቀመጥ እግሩን ወደ ጎን ይዘረጋል። የጉልበቱ ሎሚ የሚንሸራተት ትንሽ ውሻ ሁለት ሦስት እርምጃ ዘልሎ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ሁለቱንም የሚያገኘው የሐኪም እጅ ነው። ጠንካራና የሚያድግ እብጠት ከፊት እግሩ አንጓ፣ ከትከሻው ወይም ከጉልበቱ አጠገብ ከታየ ግን ራጅ መዘግየት የለበትም፤ የአጥንት ካንሰር በወጣት ውሻም አልፎ አልፎ ይመጣል።

«እግሩ ብቻ ነው፣ ለሰው አያሰጋም»

ክትባቱ የማይታወቅ ውሻ ላይ ይህን ማለት አደገኛ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በቁጣ አይጀምርም፤ በአንድ እግር መድከም ጀምሮ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ሽባነት ሊሄድ ይችላል። ድካሙ ከቀን ቀን ከጨመረ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ ወይም መንጋጋው ከወረደ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳታስገቡ። ለብቻው ዝጉበትና ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ይሂድ።

«ግሬይሀውንድም ያው ውሻ ነው»

ግሬይሀውንድ ለሩጫ የሚራባ ቀጭን የውሻ ዝርያ ነው፤ ከውጭ አገር ይዘውት የመጡ ካሉ ይህን ይወቁ። መዳፉ ላይ ኮርን የሚባል፣ እንደ ቀንድ የጠነከረ የቆዳ ጉብታ ያወጣል፤ ሣር ላይ ደህና ይሄድና ኮብልስቶን ላይ ያነክሳል። በውድድር የሮጠ ከሆነ የቀኝ ኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ይታይ፤ ውሾቹ ወደ ግራ እየታጠፉ ስለሚሮጡ ጫናው እዚያ ያርፋል። ደሙ ሲመረመር ፕሌትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) በተፈጥሮው ከሌላ ውሻ ያነሰ ስለሆነ በዚያ ብቻ ኤርሊኪያ አለበት ሊባል አይገባም። ለራጅ ማደንዘዣ የሚሰጠው ከሆነም ዝርያው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይነገር፤ ታዮፔንታል የሚባለው ማደንዘዣ ከዚህ ዝርያ ሰውነት በጣም በዝግታ ስለሚወጣ አይመረጥም።

«አሳርፌዋለሁ፣ ግቢ ውስጥ ነው የሚውለው»

ግቢ ውስጥ አላፊ አግዳሚው ላይ እየሮጠ የሚጮኽ ውሻ አላረፈም። ዕረፍት ማለት ለ2 ሳምንት በጠባብ ክፍል ወይም በአጥር ተከልሎ መዋል፣ ለሽንት ብቻ በማሰሪያ በቀን ሦስት ጊዜ 5 ደቂቃ መውጣት ነው። ወለሉ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ከሆነ ሰሌን ይነጠፍለት። ካልተሻለው ራጅና የደም ምርመራ አይቀሬ ነው። ከተሻለው በየሳምንቱ ለአንዱ ጉዞ 5 ደቂቃ እየተጨመረ ይሄዳል፤ እንደገና ካነከሰ ወደ ቀደመው ሳምንት ልክ ይመለሳል።