ላቲን ላቨር ምንድን ነው? የሩዶልፍ ቫለንቲኖ ማራኪነት እስከ ዛሬ የዘለቀበት ምክንያት

ላቲን ላቨር የሚባለው ከደቡብ አውሮፓ ወይም ከላቲን አሜሪካ እንደመጣ ተደርጎ በአሜሪካ ፊልም ላይ የሚቀርብ የፍቅር ገጸ ባሕርይ ነው፤ ጠይም፣ ጥቁር ፀጉሩን በቅባት አለስልሶ ወደ ኋላ ያበጠረ፣ በአለባበሱና በአካሄዱ የሠለጠነ፣ ሴትን በትሕትና የሚቀርብ፣ ነገር ግን ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ የማይታወቅ ሰው። ሆሊውድ ይህን ገጸ ባሕርይ በ1920ዎቹ ደጋግሞ እንዲሠራው ያደረገው በ1895 በደቡብ ጣሊያን፣ ካስቴላኔታ በምትባል ከተማ የተወለደው ሩዶልፍ ቫለንቲኖ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ቫለንቲኖ ኒው ዮርክ የገባው በ1913 መጨረሻ፣ በ18 ዓመቱ ነበር። በአትክልተኝነት ሠራ፣ ሳህን አጠበ፤ በኋላም በጭፈራ ቤት ከሴት ደንበኞች ጋር እየደነሰ የሚከፈለው ሰው ሆነ። እንደ እኔ ግምት የዝናው ሥር ያለው እዚህ ሥራ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ዳንሰኛ ሴቲቱን የሚመራት እሱ ቢሆንም እንጀራው የተመሠረተው በእሷ ደስታ ላይ ስለሆነ፣ ሳትናገር ድካሟንም ፍላጎቷንም ከፊቷ ማንበብ ይኖርበታል። ካሜራ ፊት ሲቆምም ይዞት የቀረበው ይህንኑ ትኩረት ነው።

ከእሱ በፊት የነበረው መሪ ተዋናይ እንደ ዳግላስ ፌርባንክስ ወይም እንደ ዋላስ ሪድ ያለ፣ ፈገግታ የማይለየው፣ ግድግዳ የሚዘል፣ መኪና የሚያበር፣ ፍቅርንም እንደ ውድድር ሽልማት በፊልሙ መጨረሻ የሚቀበል ስፖርተኛ ወጣት ነበር። ጠይም መልክ ያለው ተዋናይ በአብዛኛው የክፉ ሰው ሚና ይሰጠው ስለነበር ቫለንቲኖም የመጀመሪያዎቹን የፊልም ዓመታት ያሳለፈው በዚሁ ነው። ዕጣውን የለወጠችው በሜትሮ ኩባንያ ትልቅ ተሰሚነት የነበራት የፊልም ጸሐፊ ጁን ማቲስ ስትሆን፣ በ1921 ለወጣው «አራቱ የምጽዓት ፈረሰኞች» የሁሊዮን ሚና እንዲያገኝ ያደረገችው እሷ ናት።

በዚያ ፊልም ውስጥ ያለው የታንጎ ትዕይንት አጭር ቢሆንም ገጸ ባሕርዩን ሙሉ በሙሉ ይዞታል። ቦታው በቦነስ አይረስ፣ ቦካ በሚባለው ሰፈር ያለ ጭስ የሞላበት መሸታ ቤት ነው። የጋውቾ (የአርጀንቲና ከብት ጠባቂ ፈረሰኛ) ልብስ የለበሰው ሁሊዮ ሲጋራውን እያጨሰ አንዲት ሴት ከሌላ ሰው ጋር ስትደንስ ይመለከታል። ተነሥቶ ይሄድና መሐል ይገባል፤ ሰውዬው አልለቅም ሲለው በያዘው ጅራፍ ይመታውና ሴቲቱን ይረከባል። ከዚያ በኋላ ግን አንዳችም ችኮላ የለም፤ እርምጃው ዝግ ያለ ነው፣ ዓይኑም ከዓይኗ አይነቀልም። ጥቂት ቆይቶ አብረውት የመጡት አያቱ ሰክረው ወለሉ ላይ ሲንሸራተቱ ሴቲቱ ትስቅባቸዋለች፤ ሁሊዮ ወዲያው ገፍትሮ ይተዋትና ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ቤታቸው ይወስዳቸዋል። ጭካኔውም ርኅራኄውም ያለ አንዲት ቃል በአንድ ቤት ውስጥ ታይተው ያልቃሉ፤ ተመልካቹም የትኛው እውነተኛው ሁሊዮ እንደሆነ ሳይወስን ይቀራል።

ያለ አንዲት ቃል መሆኑ ዋናው ነገር ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ሲታይ በአዳራሹ ውስጥ ፒያኖ ወይም ኦርኬስትራ ይጫወታል፤ የሚባለው ነገር በጽሑፍ ለጥቂት ሰከንድ ይታይና ፊት ብቻውን ስክሪኑን ሞልቶ ይቀራል። ተመልካቿ የተዋናዩን ድምፅ የምትሰጠው ከራሷ ነው፤ በቋንቋዋ፣ በምትወደው ቃና፣ መስማት የምትፈልገውን እንዲናገር ታደርገዋለች። የዘመኑ ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀይ ቀለምን በደንብ ስለማይቀርጽ ከንፈር ጠቁሮ ይወጣል፣ ፊትም በወፍራም ሜካፕ ይሸፈናል፤ ይህ ዛሬ ለማየት እንግዳ ቢሆንም የዓይንን እንቅስቃሴ ጎላ አድርጎ ያሳያል። ቫለንቲኖ ዓይኑን ማፍጠጥ ያበዛል የሚለው ወቀሳ በአንዳንድ ፊልሞቹ እውነት ነው።

በተለይ በዚያው በ1921 የወጣው «ሼኩ» ላይ ማፍጠጡ ያስቃል። ይህ ፊልም ሌላም ችግር አለበት፦ ታሪኩ አንዲት እንግሊዛዊት በበረሃ ተጠልፋ ጠላፊዋን እንደወደደች ይተርካል፣ መጨረሻ ላይም ሼኩ በትውልዱ አውሮፓዊ እንደሆነ ይገለጣል። ተመልካቹ ባዕዱን ሰው ይመኛል፤ ፊልሙ ደግሞ ባዕድ አልነበረም ብሎ ያረጋጋዋል። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የጣሊያናውያንን ኮታ በዓመት ከ4 ሺህ በታች ሲያወርድ፣ የአገሪቱ የሲኒማ አዳራሾች አንዱን ጣሊያናዊ ለማየት በሚሰለፉ ሰዎች ይሞሉ ነበር። የአሜሪካ ሴቶች በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ነው፤ የራሳቸውን ደመወዝ ይዘው ሲኒማ የሚገቡ ሴቶች በበዙበት በዚያ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ በስክሪን ላይ የሚታየው የሴት ውበት ሆኖ ሳለ ቫለንቲኖ እሱ ራሱ የሚታይ ውበት ሆነ። የፊልም ታሪክ ተመራማሪዋ ሚርያም ሀንሰን በዚህ ነጥብ ላይ በስፋት ጽፋለች፤ እኔም ከመልኩ ይልቅ ይህ ያሳምነኛል።

ወንዶቹ ግን ተቆጡ። በሐምሌ 1926 ቺካጎ ትሪቡን የተባለው ጋዜጣ በአንድ የወንዶች መታጠቢያ ክፍል የፊት ዱቄት የሚሰጥ ማሽን መተከሉን ጠቅሶ፣ የአሜሪካ ወንድ እንዲህ የተለሳለሰው በቫለንቲኖ ምክንያት ነው የሚል ስም ያልተጻፈበት ርእሰ አንቀጽ አወጣ። ቫለንቲኖ ጸሐፊውን ለቦክስ ግጥሚያ ቢጠራውም መልስ የሰጠው አልነበረም። በቀጣዩ ወር ኒው ዮርክ ውስጥ ታሞ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ነሐሴ 23 ቀን በ31 ዓመቱ አረፈ፤ አስከሬኑ ባረፈበት ቤት ደጃፍ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተጋፍቶ መስኮቶች ተሰባበሩ።

ስቱዲዮዎቹ ምትክ መፈለግ የጀመሩት ገና እሱ በሕይወት ሳለ ነበር። ሜክሲኳዊው ራሞን ኖቫሮ የራሱ ለዛ ነበረው፤ ሪካርዶ ኮርቴዝ የተባለው ግን ጃኮብ ክራንትዝ የሚባል የአይሁድ ቤተሰብ ልጅ ሲሆን፣ ላቲን እንዲመስል ስሙን ለውጠውለት ነው። ድምፅ ያለው ፊልም በ1927 ሲመጣ እንደ ጆን ጊልበርት ያሉ የፍቅር ተዋንያን ዝናቸው ወደቀ፤ ቫለንቲኖ ከዚህ ፈተና ቀድሞ በመሞቱ በፊልም ላይ ሲናገር የሰማው የለም።

በእሱ ሥራ መጀመር የሚፈልግ ሰው ከ«ሼኩ» ይልቅ በ1925 የወጣውን «ንስሩ» ቢያይ ይሻለዋል። እዚያ የሩሲያ ንግሥት ወጣቱን መኮንን ልታጠምደው ግብዣ ትጠራዋለች፤ ታላቁ አፍቃሪ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶበት በሩን ሲያማትር ስንመለከት፣ ቫለንቲኖ በራሱ ስም መቀለድ ይችል እንደነበር እንረዳለን።