ጎረቤታችን ቲኮሎ፦ ስለ «ትናንሽ» የክሪኬት አገሮች መቺዎች በስህተት የሚወራው

ኬንያ ሲባል ለኛ ቀድሞ የሚመጣው ሩጫ ነው። አስር ሺህ ሜትር፣ ማራቶን፣ ልብ የሚሰቅል የመጨረሻ ዙር። ናይሮቢ ግን ስቲቭ ቲኮሎ የሚባል ሌላ ዓይነት ጀግናም አላት። ክሪኬት ተጫዋች ነበር። በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ ከኛ ሰፈር ስሙን የሚያውቅ ብዙ ሰው አላጋጠመኝም።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። አንዱ ቡድን ኳስ ይወረውራል። የሌላው ቡድን መቺ፣ ባትስማን የሚሉት፣ በጠፍጣፋ እንጨት እየመታና እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። እስኪያስወጡት ድረስ ይመታል። ብቻውን መቶ ነጥብ ከሞላ ስሙ ይመዘገባል። የመቺ «አማካይ» የሚባለው ደግሞ የሰበሰበው ነጥብ ሁሉ በተባረረበት ጊዜ ብዛት ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ነው። በአንድ ቀን የሚያልቀው ጨዋታ ለያንዳንዱ ቡድን 300 ኳስ ይሰጣል። አምስት ቀን የሚፈጀው «ቴስት» ግን ለጥቂት አገሮች ብቻ የተፈቀደ ነው። ከነዚህ ውጭ ያሉት ወይም መሃላቸው ገብተው ደካማ የሆኑት ናቸው «ትናንሽ» የሚባሉት።

«ከትንሽ ቡድን የዓለም ምርጥ አይወጣም»

ወጥቷል እንጂ። የዚምባብዌው አንዲ ፍላወር በቴስት መቺዎች የዓለም ደረጃ አንደኛ ሆኖ ያውቃል። በ63 ቴስት 4,794 ነጥብ፣ አማካዩ 51.54። ከሃምሳ በላይ አማካይ ያለው ሰው በየትኛውም አገር ቡድን ውስጥ ቦታ አያጣም። ለዚያውም አብዛኛውን ጊዜ ኳስ ያዥም ነበር። ማለት ተቃራኒ ቡድን ሲመታ ቀኑን ሙሉ ከመቺው ኋላ ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች ጀርባ ቁጢጥ ብድግ ሲል ይውላል፣ ከዚያ በደከመ እግሩ ሊመታ ይገባል። በ2001 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሐራሬ ላይ ደቡብ አፍሪካን ሲገጥሙ በመጀመሪያው ዙር 142 አስቆጠረ። በሁለተኛው 199 ደረሰ። ሁለት መቶ ለመሙላት አንድ ነጥብ ሲቀረው አብረውት የሚመቱት ጓደኞቹ ተራ በተራ ተባረው አለቁ። ክሪኬት ብቻውን የቀረ ሰው እንዲመታ አይፈቅድም። ዚምባብዌም ተሸነፈች። በትንሽ ቡድን ውስጥ ትልቅ መቺ መሆን ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

«ኬንያ በ2003 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰችው በዕድል ነው»

ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው፣ አልክድም። ኒውዚላንድ በጸጥታ ስጋት ናይሮቢ አልመጣም አለች፣ ሳይጫወቱ ድሉ ለኬንያ ተቆጠረ። ግን ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። ቲኮሎ በአምበልነት የመራው ቡድን በዚያው የዓለም ዋንጫ ስሪላንካን ናይሮቢ ላይ በ53 ነጥብ ልዩነት አሸንፏል። ባንግላዴሽን አሸንፏል። ዚምባብዌንም አሸንፏል። እነዚህ ሦስቱ የቴስት አገሮች ነበሩ፣ ሦስቱም ሜዳ ገብተው ነው የተሸነፉት። የቴስት ፈቃድ ሳይኖረው የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ሌላ አገር የለም።

ቲኮሎ ራሱ ደግሞ ከ2003 በፊት የታወቀ ሰው ነው። በ1996 የዓለም ዋንጫ ስሪላንካ በገዛ ከተማዋ በካንዲ ኬንያ ላይ 398 ነጥብ ቆለለች። በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ይህን ያህል ነጥብ የተቆለለበት ቡድን ገና ሳይጀምር ጉልበቱ ይከዳዋል። ቲኮሎ ገብቶ 96 አስቆጠረ። በዚያው ዓመት ዋንጫውን የወሰደችው ስሪላንካ ናት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የ1997ቱ ነው። የቴስት ፈቃድ የሌላቸው አገሮች ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኩዋላ ላምፑር፣ ኬንያና ባንግላዴሽ። ኬንያ 241 አስቆጠረች፣ ከዚያ ውስጥ 147ቱ የቲኮሎ ናቸው። ከዚያ ዝናብ መጣ። ለባንግላዴሽ ስሌቱ ተቀይሮ በ25 ኦቨር፣ ማለት በ150 ኳስ፣ 166 ነጥብ ተባለ። በመጨረሻዋ ኳስ አሸነፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ ባንግላዴሽ የቴስት አገር ሆነች። ኬንያ ይህን ዕድል አግኝታ አታውቅም። ጭራሽ በ2014 የአንድ ቀን ጨዋታ ደረጃዋንም ተነጠቀች። ዝናቡ ባይዘንብ ኖሮ ሁሉም ይቀየር ነበር ማለቴ አይደለም፤ ባንግላዴሽ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፣ ሕዝቧም ክሪኬት ወዳድ ነው። ቢሆንም ያን ቀን የዘነበው ዝናብ መቼም አይረሳኝም።

«ኬንያ ውስጥ ክሪኬት የህንዶች ብቻ ነው»

ክለቦቹን ለረጅም ጊዜ ያቆየው ከህንድ የመጣው ማኅበረሰብ መሆኑ እውነት ነው። ግን ቲኮሎም ወንድሞቹ ቶምና ዴቪድም ለኬንያ ተጫውተዋል። ሞሪስ ኦዱምቤም በ1996 አምበል ነበር። የተቀላቀለ ቤት ነው። በነገራችን ላይ ሂቴሽ ሞዲ የሚባለውን ኬንያዊ መቺ በ2006 ከባንግላዴሽ ጋር ሲጫወት «ኳሷ እግርህን መታች፣ ውጣ» ያለው ዳኛ ሱባሽ ሞዲ ነው። አባቱ! ማታ እቤት ምን ተባብለው ይሆን?

«አማካዩ የበለጠ ሁሉ ይበልጣል»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የኔዘርላንዱ ራያን ቴን ዱሻት በአንድ ቀን ጨዋታ አማካዩ 67 ነው። ወረቀቱን ብቻ ካየን ከዓለም ስመ ጥሮች በላይ ልናስቀምጠው ነው። የተጫወተው ግን 33 ጊዜ ብቻ ነው፣ አብዛኛውም እንደሱው ከትናንሽ ቡድኖች ጋር። ቲኮሎ ከ130 በላይ ተጫውቶ አማካዩ 29 ገደማ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከፊቱ የቆሙት የዓለም ፈጣን ወርዋሪዎች ነበሩ። ታዲያ ቴን ዱሻት ተራ ነው? አይደለም። በ2011 የዓለም ዋንጫ ናግፑር ላይ እንግሊዝን ገጥሞ 119 አስቆጥሯል። እኔ ከ67ቱ ይልቅ የማምነው ያንን 119 ነው።

«እነዚህ ቡድኖች የሚጫወቱት በውጭ ሰው ነው»

አንዳንዱ እንደዚያ ነው። ቴን ዱሻት የተወለደው ደቡብ አፍሪካ ነው። በ2003 ለካናዳ ተጫውቶ በ67 ኳስ መቶ የሞላው ጆን ዴቪሰንም ካናዳ ይወለድ እንጂ ያደገው አውስትራሊያ ነው። ግን መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ይኬድበታል። የደብሊኑ ልጅ ኦይን ሞርገን በ2007 ለአየርላንድ ተጫወተ፣ በ2019 እንግሊዝን በአምበልነት መርቶ የዓለም ዋንጫ አነሳ። ትንሿ አገር አሳድጋ ትልቋ ትወስዳለች፣ ይሄ መቼም ለኛ አዲስ ታሪክ አይደለም። የቀረው የደብሊን ልጅ ኬቨን ኦብራየን በ2011 ባንጋሎር ላይ ለዚያችው እንግሊዝ ዋጋዋን ሰጣት። በ50 ኳስ መቶ! በዓለም ዋንጫ ያን ያህል ፈጣን ታይቶ አያውቅም ነበር። አየርላንድ 328 ነጥብ አሳድዳ አሸነፈች።

«ፈጣን መቶ የመታ ትልቅ ነው»

በ2024 የኢስቶኒያው ሳሂል ቻውሃን ቆጵሮስ ላይ በ27 ኳስ መቶ መታ። ጉድ ነው፣ ይጨበጨብለት። የወረወሩለት ግን እነማን ናቸው ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም።

«ሥራቸው ክሪኬት ብቻ ነው»

ዱባይ ወይም ሻርጃ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በዕረፍት ቀን ማለዳ ባዶ ሜዳና የመኪና ማቆሚያ ሁሉ ክሪኬት በሚጫወቱ ሠራተኞች ይሞላል። የኤምሬትስ አገሮች ብሔራዊ ቡድን አምበል የነበረው ኩራም ካንም እንጀራው ሌላ ነበር። በአየር መንገድ የበረራ አስተናጋጆች አለቃ ነበር። በኅዳር 2014 ዱባይ ላይ አፍጋኒስታንን ገጥሞ 132 አስቆጠረ፣ ማንም ሳያስወጣው። 43 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ በአንድ ቀን ጨዋታ መቶ የሞላ ሰው አልነበረም። ክብረ ወሰኑን የነጠቀው ከስሪላንካው ከሳናት ጃያሱሪያ ነው፤ እሱ በ39 ዓመቱ ነበር የመታው።